ሥራውን ማን ያዘው? ለጀመዓችን የሥራ መከታተያ ሶፍትዌር ስንመርጥ ያየነው

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው በዚህ ዓመት የጀመዓው አስተባባሪ ሆነን የተመደብን ልጆች ነን። ጽሑፉ ስለ ሶፍትዌር ነው። ነገሩ የጀመረው ግን በመድኃኒት ነው።

ባለፈው ረመዳን አጋማሽ ላይ አንዲት የአንደኛ ዓመት እህታችን ለማኅበራዊ ጉዳይ ክፍላችን መልእክት ላከች። ሐኪም ያዘዘላትን መድኃኒት የምትገዛበት ገንዘብ አጥታ ነበር። መልእክቱ የደረሳት እህት የጠያቂዋን ስም ሳትጠቅስ ጉዳዩን በአስተባባሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጻፈችው። ወዲያው ከሥሩ «ኢንሻአላህ»፣ «አላህ ያሽራት»፣ «እንረባረባለን» የሚሉ መልሶች ተደረደሩ። አሥራ አንድ ሰው መለሰ። ትንሽ ቆይቶ የዕለቱ ኢፍጧር ተምር ጉዳይ ተነሣ፤ ቀጥሎ የሙሐደራው አዳራሽ ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ ተጠየቀ፤ ፎቶ ተለጠፈ፣ የድምፅ መልእክት ገባ፤ የእህታችን ጉዳይ ወደ ላይ ሄዶ ከዓይን ጠፋ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ አንዷ አስተባባሪ ዶርም ውስጥ አግኝታት ስለ መድኃኒቱ ስትጠይቃት ስልኳን ሸጣ እንደገዛችው ነገረቻት። አልተቆጣችም፣ አልወቀሰችንም። እኛን ያሳፈረን ይኸው ነበር።

ከአሥራ አንዱ ማንም አልዋሸም። ሁሉም «ኢንሻአላህ» ሲል ከልቡ ነበር፤ ግን እያንዳንዳችን የቀሩትን አሥሩን አይተን «መቼም ከነዚህ አንዱ ይዞታል» ብለን አለፍን። ገንዘቡም አልጎደለም፤ ሶደቃው ተሰብስቦ ተቀምጦ ነበር። በዚያው ሳምንት ተምር ሁለት ጊዜ ተገዝቶ ውሃ ጨርሶ ያልተገዛበት ምሽትም ነበረን፤ እሱ በሩጫ ከአጠገባችን ካለ ሱቅ ተሸፈነ፣ ሳቅንበትም። በእህታችን ጉዳይ ግን የሳቀ አልነበረም።

ከዒድ በኋላ ሹራ ስንቀመጥ ብዙዎቻችን «አፕ ያስፈልገናል» አልን። ችግሩ አምስት ሰው አምስት ዓይነት አፕ ይዞ መምጣቱ ነው። አንዱ አፓረንትሺፕ የወጣበት መሥሪያ ቤት የሚጠቀምበትን፣ አንዷ ለመመረቂያ ጽሑፏ የምትሠራበትን፣ ሌላው ዩቲዩብ ላይ ያየውን አመጣ። ሁለት ስብሰባ በክርክር ካለቀ በኋላ «እንሞክራቸውና እንይ» ተባባልን። እዚህ የምንጽፈው ያየነውን ነው። ከመካከላችን በሚቀጥለው ዓመት ሥራ ዓለም የሚገቡ ብዙ ስላሉ፣ ለመሥሪያ ቤት ቡድንም የሚሆነውን አብረን አስገብተናል።

እነዚህ ሶፍትዌሮች ምን ይሠራሉ?

የሥራ መከታተያ ሶፍትዌር ሲራቆት አራት ነገር የሚመዘግብ ደብተር ነው፦ ሥራው ምንድን ነው፣ ማን ያዘው፣ እስከ መቼ ነው፣ አሁን የት ደርሷል። የቀረው ቀለም፣ ግራፍና ሥዕል ተጨማሪ ነው። ቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ የአል-በቀራ 282ኛው፣ ስለ ዕዳ አመዘጋገብ የሚናገር መሆኑን ሁላችንም ሰምተናል፤ ትንሽም ይሁን ትልቅ ከነጊዜ ገደቡ እንዲጻፍ ያዛል። አንድን ሥራ «እኔ ላይ ይሁን» ያለ ሰው ወደ ዕዳ የተጠጋ አማና ተሸክሟል ብለን ስለምናስብ፣ የሥራ መዝገብ መያዝ ለእኛ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም ነበር።

አብዛኞቹ አፖች የሚከተሉት አሠራር የመጣው ከኮምፒውተር ሰዎች አይደለም፤ ከመኪና ፋብሪካ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጃፓን የቶዮታ ፋብሪካ ታይቺ ኦህኖ የተባለ መሐንዲስ ከዕቃው ጋር የሚጓዝ ካርድ ሥራ ላይ አዋለ። ካርዱ ወደ ኋላ ሲመለስ «ይህ ዕቃ ተወስዷል፣ ተጨማሪ ሥሩ» ማለት ነበር። ካርዱ ካልመጣ ማንም ተጨማሪ አይሠራም። አሠራሩ «ካንባን» ይባላል፤ በጃፓንኛ ሰሌዳ ወይም ምልክት ማለት ነው። ዛሬ በስልካችን ላይ የምናየው ባለ ሦስት ዓምድ ሰሌዳ፣ «የሚሠራ»፣ «በመሠራት ላይ»፣ «ያለቀ»፣ የዚያ ካርድ የልጅ ልጅ ነው። ጥቅሙ በአንድ ዓይን ማየት ነው፤ «በመሠራት ላይ» የሚለው ዓምድ ውስጥ ካርዶች ተደራርበው ከተቀመጡ፣ ሥራ ጀማሪ እንጂ ጨራሽ እንደሌለ ማንም ሳይናገር ይታያል።

ፈተናው

እያንዳንዱን አፕ በምናብ ሥራ አልሞከርነውም። «ሥራ አንድ፣ ሥራ ሁለት» እያሉ ጽፎ መሞከር ሁሉንም አፕ ጥሩ ያስመስለዋል። የአዲስ ተማሪዎች አቀባበል እየደረሰ ስለነበር ያንን እውነተኛ ሥራ ከፋፍለን ለተለያዩ ክፍሎች ሰጠን፤ እያንዳንዱ ክፍል ለሁለት ሳምንት በአንድ አፕ ብቻ ሠራ። በመጨረሻ የጠየቅነው ጥያቄ «የትኛው አማረ?» የሚል አልነበረም። «የትኛው ላይ ስንት ሥራ ጠፋ? የጠፋውስ ለምን ጠፋ?» የሚል ነበር።

አንድ ተጨማሪ ሕግ አወጣን። እያንዳንዱን አፕ መጀመሪያ የሚከፍተው ከመካከላችን በጣም አሮጌው ስልክ ያለው ወንድም ነው፤ ያውም ዳታ አጥፍቶ። መጀመሪያ እንደ ቀልድ ነበር ያልነው። በኋላ ግን ከሁሉም መመዘኛ የበለጠ የጠቀመን ይህ ሆነ። ከ24 አስተባባሪዎች ሁለት ወይም ሦስቱ የማይከፍቱት ሰሌዳ ውሸታም ሰሌዳ ነው፤ ሥራው አልቆ «አላለቀም» ይላል፣ ሳይጀመር «ተጀምሯል» ይላል። ቀሪዎቹ ይህን ሁለት ጊዜ ካዩ በኋላ ሰሌዳውን ማመን ይተዋሉ፣ ተመልሰውም በስልክ «ምን ደረሰ?» እያሉ መጠያየቅ ይጀምራሉ።

በቴሌግራም እንጀምር፤ ምክንያቱም ሁላችንም ያለነው እዚያ ነው። ማንም አዲስ ነገር መማር አይጠበቅበትም፣ በደካማ ኔትዎርክም ይሠራል፣ መልእክት ፒን ማድረግ ይቻላል፣ «የተቀመጡ መልእክቶች» ውስጥ ለራስ ማስታወሻ ሰዓት መሙላትም ይቻላል። በፈረንጆቹ 2025 ደግሞ ምልክት የሚደረግበት የሥራ ዝርዝር ተጨምሮበታል፤ ዝርዝሩን ለመፍጠር ግን የፕሪሚየም ክፍያ ይጠይቃል። በቴሌግራም ብቻ የሠራው ክፍል የመጀመሪያውን ሦስት ቀን ከሁላችንም ፈጣን ነበር። በአምስተኛው ቀን ፒን የተደረጉት መልእክቶች አሥራ አራት ደረሱ፤ ከዚያ በኋላ ፒን ማለት ምንም ማለት አልሆነም። የቴሌግራም ጠባዩ ወራጅ ውሃ ነው፤ አዲሱ አሮጌውን እየገፋ ይሄዳል። ለማስታወቂያና ለውይይት ተስማሚ ነው፤ ያልተሠራ ሥራ ግን እስኪሠራ ድረስ ዓይን ፊት መቆም አለበት። የእህታችን ጉዳይ የጠፋው እዚሁ ላይ ነው።

የጉግል ሺትስ ሰንጠረዥ ከገመትነው በላይ አስደሰተን። አራት ዓምድ፣ ሥራ፣ ኃላፊ፣ ቀን፣ ሁኔታ፤ አለቀ። ነፃ ነው፣ ለ24 ሰውም ለ50 ሰውም እኩል ይሠራል፣ ፋይሉ ቀድሞ «ከመስመር ውጭ» ተብሎ ከተመረጠ ያለ ዳታም ይከፈታል፣ ማን ምን መቼ እንደቀየረም ታሪኩን ይይዛል። ይህ ታሪክ አንድ ቀን አድኖናል። አንድ ወንድም በኮምፒውተር የቀኑን ዓምድ ብቻ መርጦ በቅደም ተከተል አስተካከለው፤ ሌሎቹ ዓምዶች ባሉበት ቀሩ። ቀኖቹ ሁሉ ከማይመለከታቸው ሥራ ጋር ተጋቡ። የድምፅ ማጉያ ኪራዩ የሳምንቱ መጨረሻ ቀን ደረሰው፣ የመዝጊያው ጽዳት ደግሞ ከዝግጅቱ በፊት ሆነ። ወደ ቀድሞው ቅጂ መልሰን ተነፈስን። የሰንጠረዥ ትልቁ ጉድለት ግን ሌላ ነው፤ ራሱን ችሎ አያስታውስም። ካልከፈቱት ዝም ይላል። በትንሽ ስልክ ላይ ደግሞ ወደ ጎን እየገፉ ማንበብ ያደክማል።

ትሬሎ በ2011 የወጣ፣ በ2017 አትላሲያን የተባለው ኩባንያ በ425 ሚሊዮን ዶላር የገዛው አፕ ነው። ከላይ የነገርናችሁን የካንባን ሰሌዳ በቀጥታ የሚያሳየው እሱ ነው። በጣት ካርዱን ይዞ ከዓምድ ወደ ዓምድ ማሻገር ደስ ይላል፤ ይህን አናቃልለው፣ ሰው ደስ የሚለውን ነገር ይከፍታል። ያለ ዳታ የተደረገውን ለውጥ ይዞ ቆይቶ ኔትዎርክ ሲመጣ ያስተላልፋል። የአሮጌውን ስልክ ፈተና አለፈ፤ ቀስ እያለ ቢሆንም። የምናሌው ቋንቋ አማርኛ የለውም፣ በካርዱ ላይ ግን በአማርኛ እንደልብ ይጻፋል።

ትሬሎ ላይ የገጠመን እንቅፋት ቁጥር ነው። ከ2024 ጀምሮ ነፃው ዕቅድ በአንድ የሥራ ቦታ ውስጥ 10 ሰው ብቻ ይፈቅዳል። እኛ 24 ነን። የሚከፈልበት ዝቅተኛው ዕቅድ በዓመት ሲከፈል ለአንድ ሰው በወር 5 ዶላር ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። 24 ሰው ሲባዛ በ5፣ ሲባዛ በ12፣ በዓመት 1,440 ዶላር ይመጣል። ይህን ገንዘብ ለስንት መድኃኒት እንደሚሆን ያሰላ ሰው ክርክሩን ዘጋው። በዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘቱም ሌላ ጣጣ ነው። እዚህ ላይ ለመሥሪያ ቤትም የሚሠራ ትምህርት አለ፤ የነዚህ ሶፍትዌሮች ዋጋ የሚለጠፈው በአንድ ሰው ስለሆነ፣ ዋጋውን ስታዩ ወዲያው በሰው ብዛትና በ12 አባዙት። በሚቀጥለው ዓመት ቡድኑ ስንት ሰው እንደሚሆንም አስቡ። ነፃ የተባለውም ነፃ ሆኖ እንደማይቆይ ቁጠሩት፤ የሰው ገደቡ ሥራ ከጀመራችሁ በኋላ ሊጠብ ይችላል፣ ትሬሎ ላይ የሆነውም ይኸው ነው።

ስለ ቀሪዎቹ አጠር እናድርግ። ኖሽን ቆንጆ ነው፤ ለግል ማስታወሻና ለጥናት ወደነዋል። ቡድን ሆኖ በነፃ ለመጠቀም ግን 1,000 «ብሎክ» የሚል ገደብ አለው፤ እያንዳንዱ አንቀጽና መስመር አንድ ብሎክ ስለሚቆጠር ፈጥኖ ይሞላል። ጂራን ያመጣው የሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ተማሪ ወንድማችን ነው። ጂራ በ2002 የሶፍትዌር ስሕተቶችን ለመከታተል የወጣ ነው፣ በዚያ ዓለም ውስጥ ይከበራል። ወንድማችን ለተምር ግዢ «ስፕሪንት» ሊከፍትልን ሲሞክር ግን በሳቅ አስቆምነው። እሱም አብሮን ሳቀ።

አሳናን ያልመረጥነው ለስልካችን ስለከበደን ነው፤ ግን አንድ ነገር ሰርቀንበታል። አሳናን በ2008 ከመሠረቱት ሁለት ሰዎች አንዱ ከፌስቡክ መሥራቾች አንዱ የነበረው ደስቲን ሞስኮቪትዝ ነው። በዚህ አፕ ላይ አንድ ሥራ አንድ ኃላፊ ብቻ ነው የሚኖረው። ሁለት ስም ልጻፍ ብትሉ አይቀበልም። መጀመሪያ ይህ አናደደን፤ «ሥራችን በጋራ አይደለም ወይ?» ተባለ። ቆይተን ስናስበው የጎደለን ይኸው ነበር። አሥራ አንድ ሰው የያዘው ሥራ ማንም ያልያዘው ሥራ ነበር። አንድ ሰው ኃላፊ ይሁን ማለት ብቻውን ይሥራ ማለት አይደለም፤ ሥራው ቢቀር የሚጠየቀው፣ እርዳታ ቢያስፈልገው የሚጮኸው እሱ ነው ማለት ነው። ትሬሎ ሁለትና ሦስት ሰው በአንድ ካርድ ላይ ይፈቅዳል፤ እኛ ግን በራሳችን ሕግ ከልክለናል።

ሰዓትና ቀን

ከአሜሪካና ከአውሮፓ የመጡ የአፕ ግምገማዎች አንድም ቦታ የማይነግሯችሁ ችግር ይህ ነው። እኛ የምንኖረው በሦስት የዘመን አቆጣጠርና በሁለት የሰዓት አቆጣጠር ነው። አዲስ ተማሪዎችን ከመናኸሪያ ለመቀበል የተመደበች እህት «ጠዋት 2 ሰዓት» የሚለውን ሥራ ስትሞላ ስልኩ ላይ 2፡00 ብላ ጻፈች፤ ስልኩ «ኤኤም ወይስ ፒኤም» ሲላት ሌሊት ስላልሆነ ፒኤም መረጠች። ማስታወሻው የጮኸው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው። ልጆቹ ሻንጣቸውን ተሸክመው፣ መንገድ እየጠየቁ፣ ዶርማቸውን ራሳቸው አግኝተው ነበር። እህታችን ምንም አላጠፋችም፤ ሰዓቱን እናቷ ባስተማረቻት መንገድ ነው የጻፈችው። አሁን ያደረግነው መፍትሔ ቀላል ነው፤ በካርዱ ርዕስ ላይ በእኛ ሰዓት «ከጠዋቱ 2» ብለን እንጽፋለን፣ የአፑን ሰዓት ደግሞ ጸሐፊዋ ብቻ ትሞላለች፣ ሌላ ሰው አይነካውም።

የረመዳን ነገር የባሰ ነው። አፖቹ «በየዓመቱ ድገም» የሚል ምርጫ አላቸው። የኢፍጧር ዝግጅት ሥራዎችን በዚያ ብናስገባ፣ አፑ በፈረንጅ ቀን ስለሚቆጥር ማስታወሻው በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ይዘገያል፤ በሦስተኛው ዓመት ረመዳን አልቆ «የኢፍጧር ሻጭ አነጋግሩ» ይለናል። ስለዚህ ድግግሞሽ አንጠቀምም። የኢፍጧሩን ሰሌዳ ያለ ቀን ባዶውን አስቀምጠናል፤ ረጀብ ሲገባ ኮፒ ተደርጎ የዚያ ዓመት ቀኖች በእጅ ይሞሉበታል። አንድ ቀን ወዲያና ወዲህ የጨረቃ ጉዳይ ስላለም የመጀመሪያውን ምሽት ሥራዎች ሁለት ቀን ቀድመው እንዲያልቁ አድርገናል።

ማን ምን ያያል?

በሙከራው ወቅት በጣም የተከራከርንበት ነጥብ ይህ ነበር። ትሬሎ ላይ አንድ ሰሌዳ «ለሁሉም ክፍት» ከተደረገ ሊንኩ ያለው ብቻ ሳይሆን መፈለጊያ ድረ ገጾችም ያገኙታል። አንድ የተሳሳተ ምርጫ ነው የሚበቃው። በሌላ በኩል የማኅበራዊ ጉዳይ ክፍላችን የሚይዘው መረጃ ማን ዘካ እንደሚቀበል፣ ማን እንደታመመ፣ ማን አዲስ ሰልሞ ከቤተሰቡ ጋር ችግር ላይ እንዳለ ነው። ይህ ገመና ነው፤ ሰሌዳው ለአስተባባሪዎች ብቻ ቢዘጋ እንኳ ለዘጠኝ አስተባባሪ መታየት የለበትም።

አንዳንዶቻችን «እንግዲያው ማኅበራዊ ጉዳይ ከአፑ ይውጣ» አልን። ግን ከዚህ ሁሉ ያስገባን የማኅበራዊ ጉዳይ ሥራ መጥፋቱ አይደለም? በመጨረሻ የተስማማንበት ይህ ነው፦ ስም በወረቀት ደብተር ላይ ብቻ ይጻፋል፤ ደብተሩን የሚይዙት አንዲት እህትና አንድ ወንድም ናቸው። ሰሌዳው ላይ የሚወጣው «ጉዳይ 14፣ መድኃኒት፣ እስከ ሐሙስ» የሚል ካርድ ነው፣ ከአንድ ኃላፊ ስም ጋር። ሐሙስ ካለፈ ካርዱ ይቀላል፤ የጉዳይ 14ን ማንነት የማያውቀው አሚርም ቀዩን አይቶ ኃላፊውን ይጠይቃል።

ሌላም ያልጠበቅነው ነገር ታየ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ወንድም እያንዳንዱ ሰው ስንት ካርድ እንደጨረሰ ቆጥሮ ግሩፕ ላይ ለጠፈ። ለማበረታታት ነበር። በማግስቱ «ወንበር ማምጣት» የሚለው አንድ ሥራ አምስት ካርድ ሆኖ አየነው፦ ወንበር መጠየቅ፣ ወንበር መቁጠር፣ ወንበር መጫን... ከእህቶች ክፍል ደግሞ አንዲት እህት ሁለት ሳምንቱን ሙሉ በአንድ ካርድ ላይ ብቻ ነበረች፤ ካርዱ አዳራሹን ማስፈቀድ ነበር፣ ስምንት ጊዜ ቢሮ ተመላልሳለች። በቁጥሩ መሠረት ሰነፏ እሷ ሆነች። ቆጠራውን አነሣነው፣ ይቅርታም ተጠየቀች። መሥሪያ ቤት የምትገቡ ይህን አስቡበት። አለቆች እነዚህን ሶፍትዌሮች ሲገዙ ሻጩ መጀመሪያ የሚያሳያቸው ማን ስንት ሥራ እንደጨረሰ የሚያወጣውን ግራፍ ነው። ሰሌዳው ሥራን ለመከታተል ከሆነ ሰዎች እውነቱን ይጽፉበታል፤ ሰውን ለመከታተል መሆኑን ካወቁ ግን የሚጽፉበት የሚያድናቸውን ነው፣ ያኔ አለቃውም ሠራተኛውም የሚያዩት ሐሰት ይሆናል።

መውጫ በሩ

አፕ ስትመርጡ መግቢያውን ብቻ አትዩ። ዋንደርሊስት የሚባል በጣም የተወደደ የሥራ ዝርዝር አፕ ነበር፤ በርሊን ውስጥ ነው የተሠራው። ማይክሮሶፍት በ2015 ገዛው፣ በግንቦት ወር 2020 በፈረንጆች ዘጋው፤ ተጠቃሚዎች ዝርዝራቸውን ወደ ሌላ አፕ እንዲያዛውሩ ተነገራቸው። ስለዚህ «ያለንን ሁሉ በፋይል አውጥተን መውሰድ እንችላለን?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ሰንጠረዥ በዚህ ማንም አይደርስበትም። ትሬሎ በነፃው ዕቅድ የሚያወጣው ጄሶን በሚባል ቅርጽ ነው፤ ለኮምፒውተር እንጂ ለሰው ንባብ አይመችም። እኛ በየወሩ መጨረሻ ሰሌዳውን ወደ ሰንጠረዥ በእጅ እንገለብጣለን፣ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል።

ለተማሪ ጀመዓ ደግሞ ከአፑ መዘጋት ይልቅ የሚያሰጋው ምርቃት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የነበረው የኢፍጧር ሻጮች ዝርዝርና ሒሳብ በአንድ ወንድማችን የግል ኢሜይል ላይ ነበር። ወንድማችን ተመረቀ፣ ስልክ ቁጥሩን ቀየረ፤ ኢሜይሉን ለመክፈት ኮድ የሚላከው ወደ አሮጌው ቁጥር ነው። እሱ ራሱ ሊረዳን ሞክሮ አልተሳካለትም። ዝርዝሩን ከዜሮ ጀመርን። አሁን ሁሉም ነገር የተከፈተው በጀመዓው ኢሜይል ነው፤ የይለፍ ቃሉ በታሸገ ፖስታ ከሹራው ጋር ይቀመጣል፣ ኮድ የሚላክበት ቁጥርም አሚሩና አሚራዋ በተቀየሩ ቁጥር በዚያው ቀን ይቀየራል። መሥሪያ ቤትም ቢሆን ሥራውን ለለቀቀ ሰው ስልክ እየደወለ የይለፍ ቃል የሚለምን አይጠፋም።

አሁን ያለንበት

በመጨረሻ አንድ አፕ አልመረጥንም። ትሬሎን ለዘጠኝ ሰው ብቻ ከፈትን፦ አሚሩ፣ አሚራዋ፣ ጸሐፊዋና ስድስቱ የክፍል ኃላፊዎች። ከ10 በታች ስለሆንን አንከፍልም። በየክፍሉ ያሉት የቀሩት 15 ሰዎች የሚሠሩት በጉግል ሺትስ ሰንጠረዥ ነው፤ ስማርት ስልክ የሌላቸው ሁለቱ ወንድሞች ደግሞ ድርሻቸው በየሰኞው ታትሞ ይደርሳቸዋል። ቴሌግራም ለማስታወቂያ ቀርቷል፤ እዚያ ላይ ሥራ የጠየቀ ሰው «ካርድ ክፈትለት» ይባላል። ማክሰኞ ከመግሪብ በኋላ ለሩብ ሰዓት ሰሌዳውን ከፍተን ቀይ የሆኑትን ካርዶች ብቻ እናነባለን። ያችን ሩብ ሰዓት የዘለልንበት ሳምንት ሰሌዳው ወዲያው ሲያረጅ አይተናል፤ አፑ ስብሰባውን አልተካልንም፣ አሳጠረልን እንጂ።

ይህ ዝግጅት ፍጹም አይደለም። ሁለት ቦታ መጻፍ ያሰለቻል፣ ጸሐፊያችንም ይህን በየሳምንቱ ታስታውሰናለች። ይህን ስንጽፍ ሰሌዳው ላይ ሦስት ቀይ ካርዶች አሉ፤ ሁለቱ የቤተ መጻሕፍቱ ያልተመለሱ ኪታቦች ናቸው፣ አንዱ የዚህ ጽሑፍ ማስረከቢያ ነበር። ከማኅበራዊ ጉዳይ ካርዶች ቀይ የሆነ የለም፣ አልሐምዱሊላህ።

ባዶውን የሰሌዳ ቅጂና የሰንጠረዡን ናሙና የምትፈልጉ የዲፓርትመንት ቡድኖች ወይም የመመረቂያ ፕሮጀክት ጓደኞች ካላችሁ ረቡዕ ከዐስር ሰላት በኋላ በጀመዓው ቤተ መጻሕፍት እንገኛለን። ስልካችሁን ይዛችሁ ኑ፤ አሮጌ ከሆነ ይበልጥ ደስ ይለናል።